ሁለት ሰረዝና ዲሊት

መጋቢት 9
ዛሬም መላኩ ዘጠናኛው ገጽ ላይ ተቋረጠ። የሠላሳ ሁለት ዓመት የዝናብ መዝገቤ፣ ገጽ በገጽ ፎቶ ያነሣሁት፣ እስከ ወሩ መጨረሻ የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤቱ ፎልደር ውስጥ መግባት አለበት። ከዚያ ይዘጋል።
የእህቴ ልጅ በስልክ፦ «አክስቴ፣ በማውስ መጎተቱን ተዪው። ትእዛዝ ጽፈሽ ላኪ።»
ጥቁር መስኮት፣ ነጭ ጽሑፍ። ከየት፣ ወዴት... ከዚያ በሰረዝ የሚጀምሩ አማራጮች። አንዱ ከተቋረጠበት ያስቀጥላል። ይህን እስከ ዛሬ ማን ደበቀኝ?

መጋቢት 11
መመሪያውን አሳትሜ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩ። ለየአማራጩ አንድ ካርድ ጻፍኩ።
«ማንም አያነበውም እኮ» አለች የእህቴ ልጅ።
እኔ አነባለሁ።

መጋቢት 14
ሁሉም ገባ። ግን በየመቋረጡ የቀሩ ግማሽ ፋይሎች ተበትነዋል። ዐይኔ ዝርክርኩን መታገሥ አልቻለም። ትእዛዙ ላይ ሁለት ሰረዝና ዲሊት ጨመርኩ፤ መነሻው ላይ የሌለውን ከመድረሻው ያጠፋል። መስመሮቹ ሮጡ። ፎልደሩ ጥርት አለ።

መጋቢት 15
ፎልደሩ የጋራ ነው።
ባሮሜትር የምንለው የወንዙ ጣቢያ ጠባቂ (እንደ አየር ግፊት መለኪያው ኩርፊያው ስለሚወጣና ስለሚወርድ) የእሱንም መዝገብ የሚልከው እዚያው ነበር። እኔ ኮምፒውተር ላይ ስለሌለ ጠፋ። የመሥሪያ ቤቱ ባለሙያ የእሑዱን ቅጂ መልሷል። ከእሑድ ወዲህ የገባው የአራት መቶ አሥራ ሁለት ቀን መዝገብ ግን የለም። ባሮሜትርም ስልኩ ስለሞላ ከላከ በኋላ ፎቶዎቹን አጥፍቷቸዋል።
ማን እንደሠራው እየተጠየቀ ነው። ዝም ብል... አይሆንም። ደወልኩለት።
«እኔ ነኝ።»
«አንቺ? የሰው መዝገብ ላይ ነጥብ የምትቆጥሪዋ?»
«ላጸዳ ብዬ ነው።»
«እንግዲያስ ቤቴንም መጥተሽ አጽጂልኝ» ብሎ ዘጋው።

መጋቢት 16
ሄድኩ። በሩን ከፍቶ ወደ አልጋው አመለከተኝ። ደብተሮቹ አልጋ ሥር ናቸው፤ አንድ ቀን አንድ ገጽ። ውሃ ነክቷቸው ተጣብቀዋል። በቢላ ጫፍ እያላቀቅኩ ፎቶ ማንሣት ጀመርኩ።
«ይህን ለማንሣት ሦስት ወር ፈጅቶብኛል» አለ ለግድግዳው።

መጋቢት 19
ሁለት መቶ አሥር ገጽ። ወገቤ...
«እዚህ ጋ ሰባቱ አንድ ይመስላል» አልኩት ሳላስበው።
«ወንዙ ያውቀዋል።»
ገጹን እንዳለ አንሥቼ አለፍኩ።

መጋቢት 22
አለቀ። ሁለቴ ቆጠርኩ፤ አራት መቶ አሥራ ሁለት። ለየፎቶው ተራ ቁጥርና ቀኑን ስም አድርጌ ሰጠሁ።

መጋቢት 23
ኮምፒውተሬን ተሸክሜ ሄድኩ። ትእዛዙን ፊቱ ጻፍኩ። ዲሊት የለበትም። ሰረዝና ኤን ጨመርኩ፤ ምንም ሳይልክ፣ ሊልክ ያሰበውን ብቻ ይዘረዝራል። ለዚህ አማራጭ ካርድ ስጽፍ «ለፈሪዎች» ብዬ ያለፍኩት ነው።
«ልየው» አለ።
ማጉያ መነጽሩን አምጥቶ ስክሪኑ ላይ ተደፋ። በጣቱ እየተከተለ፣ መስመር በመስመር። ሥራዬን ሰው አርሞልኝ አያውቅም። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። አንድ ሰዓት አለፈ።
ጣቱ ቆመ።
«ሐምሌ ሦስት ተከታትሎ ሁለት ጊዜ አለ። አራት የለም።»
እውነቱን ነው። አንዱን ገጽ ሁለቴ አንሥቼ ቀጣዩን ዘልያለሁ። ቁጥሩ ልክ፣ ቀኑ ስሕተት። ሐምሌ አራትን ፈልጌ አነሣሁ። አልሣቀብኝም። ወደ መስመሩ ተመለሰ።
ሁለተኛው ሰዓት ሲያልቅ መነጽሩን አስቀመጠ።
«ላኪው።»
ጣቴ ቁልፉ ላይ ነበር። አነሣሁት።
«እባክህ፣ አንድ ጊዜ ደግመህ እየው» አልኩት።