ሠላሳ አንድ ጊዜ የተመዘገቡት ጋሼ ወርቁ

ለአባዬ፣

ከሄድክ አሥራ አንድ ወር ከአምስት ቀን ሆነ። እማዬ በልቧ ትቆጥራለች፣ እኔ በስልኬ፤ እስካሁን ቁጥራችን አልተለያየም። እንደምን አለህ ብዬ አልጀምርም። እዚያ ደህና መሆንህን ቄሱም እማዬም ነግረውኛል፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ መጠራጠር ደግሞ አቅሜ አይደለም።

የምጽፍልህ ስላሸነፍን ነው። ደብዳቤውን በእድሩ ገጽ ላይ ስለምለጥፈው ሁሉም ያነበዋል። ስማቸውን እዚህ የሚያገኙ ሽማግሌዎችን አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሙሉ ይቅርታ ግን አይደለም።

ቤት ደህና ነው። ታናሼ አቤል ሁለት ጥርስ ነቅሎ አንድ አብቅሏል፤ ጫማህን አጥልቆ ግቢውን ሲዞር እማዬ መጀመሪያ ትቆጣዋለች፣ ከዚያ ዞር ብላ ትስቃለች። ከሚኤሶ የሚመጡት የጭነት መኪኖች ዛሬም ዳገቱ ላይ ሲደርሱ ግድግዳችንን ያንቀጠቅጡታል። አንተ በወረቀት የደገፍከው መስኮት አሁን በሁለት ወረቀት ነው የቆመው።

እነዚያ መኪኖች ናቸው እኮ ሥራውን ያስጀመሩህ። የላይ ሰፈሩ ሰውዬ ያረፉ ጊዜ ጡሩምባው ሲነፋ መኪኖቹ እያጓሩ ስለነበር ግማሹ ሰው አልሰማም፤ ለቀስተኛው እስከ እኩለ ቀን ፀሐይ ላይ ተቀመጠ። አንተ ከጤና ጣቢያው የመረጃ ሥራህ ስትመለስ ማታ ማታ እየተቀመጥክ ለእድሩ ፕሮግራም ሠራህ። ማን እንዳረፈ፣ ድንኳኑ የት እንደሚተከል፣ ወንበር ማጓጓዝ የማን ተራ እንደሆነ አባሉ ሁሉ በስልኩ ያያል። ሰው በስሙና በይለፍ ቃሉ የሚገባበትን በር ብቻ ከውጭ አገር ድርጅት ተከራየህ። "በሩን እኔ ከምሠራው ይህን ሥራ ብለው የያዙት ይሥሩት" ያልከኝ ትዝ ይለኛል። ኪራዩ በነጻ ነበር፤ ግን ነጻም ሆኖ የባንክ ካርድ ስለሚጠይቅ ጅቡቲ ያለችው እህትህ፣ አክስቴ ሰናይት፣ የሷን ካርድ ሰጠችህ።

አንተ ካረፍክ ሦስት ወር ሳይሞላ አክስቴ ለእማዬ ደወለች። "ወንድሜ ከሞተ በኋላ ነው እንዴ ገንዘብ ማውጣት የጀመረው?" አለች። ከካርዷ ዶላር ተቆርጧል፣ በሚቀጥለው ወርም ተቆረጠ፣ ከዚያም ጨመረ። የሚቆርጠው ያ የመግቢያ አገልግሎት ነው።

እማዬ ለእድሩ ነገረች። ከዚያማ ሰፈሩ ሁሉ ባለሙያ ሆነ። የእድሩ ሰብሳቢ ጋሼ ወርቁ፣ ከፋይናንስ ቢሮ ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሚፈርሙት ነገር አጥተው ስለነበር፣ ጉዳዩን በደስታ ተቀበሉት። "ይሄ ሌባ ነው። ባሕር ማዶ ያለ ሌባ የሟች ስልክ ውስጥ ገብቶ ነው" አሉ። ቆርቆሮና ምስማር የሚሸጡት ገንዘብ ያዡ ኦቦ ጣሂር "ወላሂ እኔ ነጻ የሚባል ነገር ከጥንትም አላምንም፤ ሱቄ ውስጥ ምስማር እንኳ በነጻ ወድቆ አያውቅም" አሉ። ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ማለትም መንገድ ድረስ በሚሰማ ድምፅ፣ "ነፍሱን ይማረውና፣ ሌላ ቤት ነበረው ይሆን? በየወሩ የሚላክ ነገር እኮ ለልጅ ነው" አለች።

እማዬ ሰምታታለች። የዚያን ዕለት ቤታችን ውስጥ ራዲዮ አልተከፈተም።

በቀጣዩ ስብሰባ ፕሮግራሙ ይዘጋ፣ ወደ ደብተርና ወደ ጡሩምባ እንመለስ ተባለ። አባዬ፣ እኔ ጡሩምባ አልጠላም። ግን ያረፍክ ዕለት መልእክቱን በዚያ ፕሮግራም የጻፍኩት እኔ ነኝ። እንዴት እንደሚጻፍ ያስተማርከኝ አንተ ነህ፤ ስምህን ሁለት ጊዜ አሳስቼ በሦስተኛው አስተካከልኩት። ሰው ሁሉ ፀሐይ ሳይበረታ መጣ። እሱ ቢዘጋ ደግሞ የሚቀረው የእትዬ ብርቄ ወሬ ብቻ ነው። ያንን ይዤ አሥረኛ ክፍልን አልጨርስም አልኩ።

ስልክህን ከቁም ሳጥኑ አወጣሁት። መክፈቻውን እማዬ ታውቀዋለች፤ አንተ እንደማታውቀው ታስብ ነበር። የአገልግሎቱን የይለፍ ቃል ግን ማናችንም ስላላወቅነው ረስቻለሁ የሚለውን ነካሁ፤ ማረጋገጫ ቁጥሩ ወደ ስልክህ ይላካል አለ። በእነዚህ ወራት ውስጥ ቁጥርህ ተዘግቶ ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነበር። እማዬ ለካ በየወሩ አምስት አምስት ብር ትሞላበታለች። ለምን ስላት "ለሌላ ሰው እንዳይሰጡት" አለች። ከዚያ በላይ አልጠየቅኋትም። ቁጥሩ መጣ፣ ገባሁ።

ሂሳቡ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ እንግሊዝኛ መምህራችን እንኳ አይቶት "ይሄ የሕግ ቋንቋ ነው" ብሎ ሸሸ። መዝገበ ቃላት ይዤ ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ፈጀሁበት። ሲገባኝ ነገሩ ቀላል ነው። እስከ ሦስት መቶ የመግቢያ መዝገብ ድረስ ነጻ ነው፤ ከዚያ ካለፈ በየወሩ ይከፈላል፤ ከአራት መቶ ሲያልፍ ክፍያው ይጨምራል። ድርጅቱ የሚቆጥረው ሰው አይደለም፣ መዝገብ ነው። የእኛ እድር አባል መቶ አርባ ነው። ገጹ ላይ ያለው ቁጥር አራት መቶ አሥራ ሁለት።

መጀመሪያ ከተማችን ጭሮ ውስጥ ያልሰማሁት አዲስ ሰፈር የተቆረቆረ መሰለኝ። ከዚያ ስሞቹን ማንበብ ጀመርኩ፤ እየሳቅኩ ከአልጋ ልወድቅ ነበር፤ ትንሽ ቆይቼ ደግሞ አለቀስኩ።

አንተ እያለህ የይለፍ ቃሉን የረሳ ሰው ቤት ይመጣ ነበር። ሻይህን ትተህ አዲስ ትሰጠዋለህ። ጋሼ ወርቁ በሳምንት ሁለቴ ይመጡ ነበር፤ እሳቸው ደግሞ "ረሳሁት" አይሉም፣ "ማሽኑ ረሳኝ" ነው የሚሉት። ካንተ በኋላ የሚመጡበት ቤት የላቸውም። ገጹ ላይ ደግሞ አዲስ መዝገብ ክፈት የሚል ትልቅ አረንጓዴ ቁልፍ በአማርኛ አለ፤ የይለፍ ቃል ለረሳ ሰው የሚሆነው መስመር ግን ከሥሩ በደቃቅ እንግሊዝኛ ነው። በኋላ እተረጉመዋለሁ ብለህ የተውከው ነው፣ አባዬ። ሰዉ ሁሉ የሚረሳው በየሳምንቱ፣ የሚነካው አረንጓዴውን።

የስብሰባው ዕለት ስሞቹን ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትሜ ሄድኩ። ጋሼ ወርቁ ጉሮሯቸውን ጠርገው "ልጄ፣ የአባትሽን ሥራ እናከብራለን፤ ዳሩ ግን እድሩ የማያውቀውን ዕዳ አይሸከምም" አሉ። ወረቀት ላንብብ ብዬ አስፈቀድኩ፤ ወረቀት ስለሚወዱ ፈቀዱ።

"ወርቁ። ወርቁ ሁለት። ወርቁ አዲሱ። ወርቁ ትክክለኛው። ወርቁ የመጨረሻው። ወርቁ የመጨረሻው ሁለት።"

"የማነው ይሄ ሁሉ ወርቁ?" አሉ ጋሼ ወርቁ። ኦቦ ጣሂር ጉልበታቸውን እየመቱ ሳቁ፤ ሳቃቸው እስኪያልቅ ጠብቄ ገጹን ገለበጥኩ። ጣሂር አሥራ ሰባት ጊዜ። እትዬ ብርቄ ዘጠኝ ጊዜ፤ አንዱ በድመቷ ስም። ድመቷ የእድር መብት አላት ማለት ነው።

ከዚያ ሂሳቡ ለማን እንደሚከፈልና ለምን እንደጨመረ በቀስታ አስረዳሁ። ሌባም የለም፣ ሌላ ቤትም የለም። እኛው ነን።

ጋሼ ወርቁ መነጽራቸውን አወለቁ። "ስንት ነኝ አልሽ?"

"ሠላሳ አንድ ነዎት ጋሼ።"

"ሠላሳ አንድ ሰው ሆኜ አንድ ቀን እንኳ ድንኳን ተከላ በሰዓቱ አልደረስኩም" አሉ። ሰው ሲስቅ እሳቸው መሬት መሬት ያዩ ነበር። ከዚያ "እሱ እያለ ቤቱ እሄድ ነበር። ከዚያ ወዲያ ማንን ልጠይቅ?" አሉ።

እትዬ ብርቄ ተነስታ እማዬ አጠገብ ተቀመጠች። "አፌን ይቁረጠው" አለች። እማዬ "አይቁረጠው፣ ትንሽ ይረፍ ብቻ" አለቻት። አባዬ፣ ሚስትህ ከኔ ትብሳለች።

እስከሚቀጥለው ስብሰባ ጊዜ ሰጡኝ። ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ቤት ለቤት እየዞርኩ እያንዳንዱ አባል በየትኛው መዝገቡ እንደሚገባ ጠየቅኩ፤ ያንን አስቀርቼ ሌላውን ሰረዝኩ። ቦኬ ገበያ ውለው የሚመለሱትን መናኸሪያ ላይ ጠብቄ ያዝኳቸው። አንዲት እናት ስምንቱን ትርፍ መዝገቧን ሳጠፋላት ሸክም እንደወረደላት ሁሉ "ገለቶሚ፣ ተመስገኚ" እያለች መረቀችኝ። ያንን ደቃቅ እንግሊዝኛም በአማርኛና በኦሮምኛ ተርጉሜ ከአረንጓዴው ቁልፍ በላይ ሰቀልኩት። ትርጉምህን ጨርሼልሃለሁ።

ቁጥሩ መቶ አርባ አንድ ላይ ወረደ። ክፍያው ግን በወሩ እንደገና ተቆረጠ። ሂሳቡን እንደገና ከላይ ጀምሬ አነበብኩት። ለካ መዝገቡ ስለቀነሰ ብቻ ክፍያው በራሱ አይወርድም፤ ወደ ነጻው መልሱኝ ብለህ አንተው መጠየቅ አለብህ። እሱን ጠየቅኩና ስለተቆረጠው ገንዘብ ለድርጅቱ ጻፍኩ። አንተ ማረፍህን፣ ሰዎቹ አዛውንት መሆናቸውን፣ ቁልፉ አረንጓዴ መሆኑን። ጋሼ ወርቁ ሲሰሙ ያለ ማኅተም የወጣ ደብዳቤ ደብዳቤ አይደለም ብለው ድርቅ አሉ። አተምኩት፣ ጉዳዩ የሚለው ከላይ ገባ፣ የእድሩን ክብ ማኅተም ራሳቸው መቱበት፤ ፎቶ አንስቼ አያይዤ ላክሁት።

በአራተኛው ቀን መልስ መጣ። ወደ ነጻው መልሰውናል፤ የመጨረሻውን የሦስት ወር ክፍያ ለአክስቴ ካርድ መልሰዋል፤ ለሐዘናችንም አንድ መስመር ጽፈዋል። ስለ ማኅተሙ ምንም አላሉም። ጋሼ ወርቁ ግን ገንዘቡ የተመለሰው በማኅተሙ ኃይል ነው ብለው ያምናሉ። ተውኳቸው፤ ደስታቸው አያስከፍልም።

ባለፈው እሁድ አክስቴ በስልክ ድምፅ ማጉያ ስብሰባው ውስጥ ገባች። "በዚህ ወር ዜሮ!" ብላ ስትጮህ ኦቦ ጣሂር ያጨበጨቡት ጭብጨባ የሱቃቸውን ቆርቆሮ ያረግፍ ነበር። ፕሮግራሙ እንዲቀጥል በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። የበሩ ጠባቂ እኔ ሆንኩ። አሁን ረሳሁት የሚል ሰው ቤታችን ይመጣል፣ እማዬ ሻይ ታቀርባለች፣ ጋሼ ወርቁ በሳምንት ሁለቴ። መስመሩን ተርጉሜላቸው እንኳ ይመጣሉ፤ ምክንያቱን አልጠይቃቸውም።

ስብሰባው ሊበተን ሲል ጋሼ ወርቁ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። አንድ ስም ላይ ቆሙ። "አባል መቶ አርባ ነን፤ ይሄ መቶ አርባ አንደኛው የአባትሽ ነው። ቤታችሁ በእናትሽ ስም ከተመዘገበ ይህን አትሰርዢውም?" አሉ። በክፋት አይደለም፣ በፋይናንስ ቢሮ ልማድ ነው። እስከ ሦስት መቶ ድረስ ነጻ ነው አልኳቸው። አሰቡ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ዝርዝሩ ላይም ማኅተም መቱበት።

ስለዚህ አለህ አባዬ። እኔ የዚህ በር ጠባቂ እስከሆንኩ ድረስ ስምህ አይነካም፤ ከኔ በኋላ ለሚመጣውም በማኅተም አስረክበዋለሁ። አንተን ከረሳሁ መግባት አልችልም፤ የይለፍ ቃሌን ከአንተ ነው የሠራሁት። ምን እንደሆነ እንዳልጽፍልህ ጋሼ ወርቁ ይህን እያነበቡ ነው።

ልጅህ