ነጯን ጥጃ ሲጠብቁ የኖሩት ጋሽ ገብስማ

አባታችን ከከብት ነጋዴ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1938 ዓ.ም. ተወለዱ። ትምህርታቸውን እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተከታትለው በእንስሳት እርባታ ሙያ ከሠለጠኑ በኋላ፣ በ1961 ዓ.ም. በወተት ላሞች ማርቢያ ጣቢያ አዳቃይ ሆነው ተቀጠሩ። እናታችንን ያገኙትም እዚያው ነው። እናታችን አላቢ ነበሩ። በ1967 ዓ.ም. ተጋብተው ሁለት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

በ1993 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡ በጓሯቸው ላም ማርባት ጀመሩ። እናታችን በእጃቸው ያሳደጓት አንዲት ነጭ ላም ነበረች። አባታችን ከቀይ ኮርማ ጋር ሲያዳቅሏት ጥጃዋ ገብስማ እንደምትሆን አስቀድመው ተናገሩ፤ እንዳሉትም ቀይና ነጭ ፀጉር የተቀላቀለባት ሆና ተወለደች። ሰፈሩ ጋሽ ገብስማ ያላቸው ያኔ ነው። በኋላ የራሳቸው ፀጉር ገብስማ ሲሆን ስሙ ይበልጥ ልካቸው ሆነ።

በ1999 ዓ.ም. እናታችን አረፉ። ነጯም ላም ብዙ አልቆየች። ከዚያ ወዲያ አባታችን የሚያምራቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በበረታቸው እንደገና ነጭ ማየት። ጎረቤት "ነጩማ በቀዩ ተሸንፎ ቀረ" ሲላቸው፣ "ማን ማንን አሸነፈ? ሁለቱም አብረው ነው ያሉት" ይሉ ነበር።

ገብስማዋን ከገብስማ ኮርማ ጋር አዳቀሏት። ነጭ የመውለድ ዕድሏ ከአራት አንድ ነው አሉን። ሦስቱ ነጭ ሳይሆኑ ሲቀሩ፣ እኛም አራተኛው ጥጃ ነጭ ይሆናል ብለን ቀን ስንቆጥር፣ ደም የመሰለ ቀይ ዱብ አለ። "ላሟ እኮ ያለፈውን አትቆጥርም፤ በየወሊዱ ዕድሉ እንደ አዲስ ነው" ብለው አጽናኑን። እሳቸው ግን እናታችን ሲያልቡ ይቀመጡባት የነበረችውን በርጩማ በረቱ ደጃፍ አውጥተው ብቻቸውን ተቀመጡ። እናታችን ናፍቀዋቸው ነበር፤ ጥጃው ሰበብ ነው።

በኩላሊት ሕመም አልጋ ላይ ከዋሉም በኋላ በየጠዋቱ "ወለደች?" ይሉን ነበር። አምስተኛዋም ገብስማ ሆነች። ማን ይንገራቸው ብለን ስንተያይ፣ የወንድማችንን ትከሻ ተደግፈው ወጡ። ጥጃዋ አጠገብ ተቀምጠው ፀጉሯን በጣታቸው እየከፈሉ፣ ነጩን ከቀዩ እየለዩ ብዙ ቆዩ።

"ይቺውላችሁ" አሉ። "የት ትሄዳለች?"

ኅዳር 9 ቀን 2006 ዓ.ም. በስልሳ ስምንት ዓመታቸው አረፉ። ሦስት ልጆችና አምስት የልጅ ልጆች ትተዋል። ከእኛ አንዳችንም አባታችንን ብቻ ወይም እናታችንን ብቻ አልመሰልንም፤ ሲናፍቁን እርስ በርስ እንተያያለን። ነፍሳቸውን ከናፈቋት ነፍስ አጠገብ ያሳርፍልን።