የመስታወቱ ክፍል

እታለሜ፣ መርከባችን ከመሬት ብትርቅም ሰላምታዬ አይራቅሽ። ልጆቹስ፣ እማዬስ እንዴት ናችሁ? እኔ ይመስገነው ደህና ነኝ።

በሕዋ መርከብ ላይ ነርስ መሆን አንቺ እንደምትፈሪው አይደለም። ክሊኒካችን ጠባብ ብትሆንም መሣሪያዋ ሙሉ ነው። አልጋው ራሱ የልብ ምትና ትንፋሽ ይለካል፤ በሽተኛውም ግርጌው ባለው ስክሪን ላይ ቁጥሩን እያየ ይጽናናል። ሕመሙ የጠናበት ግን እንዳይደነግጥ ስክሪኑን ወደ በሩ እናዞርበታለን። «ብርሃኑ ዓይንህን እንዳይወጋህ ነው» እንለዋለን፤ አምኖ ያመሰግነናል።

ሰሞኑን እኔም በመስታወት በተከለለው ክፍል ተኝቻለሁ። ትኩሳት የያዘውን አንድ መካኒክ ሳስታምም ጓንቴ ተቀዶ ነው፤ ለጥንቃቄ ያህል እንጂ ሌላ አይምሰልሽ። ምግቤ በመስኮት ይገባልኛል፤ እንደ ንግሥት ተቀማጥዬልሻለሁ። የመካኒኩን አልጋ ዛሬ ጠዋት ሲያጥቡት አየሁ።

ዶክተራችን ስትገባ ሁሌ «ነገረኛዋ፣ ዛሬስ ማንን ልትቆጪ ነው?» ትለኝ ነበር። ዛሬ ግን ሳትቀልድ ስክሪኔን ወደ በሩ አዞረችው።

«ብርሃኑ ዓይንሽን እንዳይወጋሽ ነው» አለችኝ።

እኔም አመሰገንኳት።

እማዬን በእኔ ፈንታ ደጋግመሽ ሳሚልኝ። ደህና ሁኑልኝ።

ታናሽሽ