ጥንድ ኮከብና የፈረሰ ሰርግ

ማዕረግ፣ የጓሳ ተራራ ብርድ እያንቀጠቀጠኝ ሰላም እልሃለሁ።

ያሳደሩኝ እመት ደብሪቱ የከዋክብትን ሽክርክሪት ልለካ መምጣቴን ሲሰሙ ኮከብ ቆጣሪ መሰልኳቸውና ልጃቸውን ጎትተው አመጡ። «ከእጮኛዋ ከካድሬው ጋር ኮከባቸው ይገጥማል?»

እኔ ጅል ስራዬን አስረዳሁ፦ «ጥንድ ኮከቦች ሲዞሩ አንዱ ሌላውን ይጋርዳል። አንዱ ጎኑ ሲሸፈን የብርሃኑ ቀለም ትንሽ ስለሚለወጥ፣ የተጋረደው ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚሾር እናውቃለን።»

«ጋርዶ ሊያሾራት? ሞቼ ነው ቆሜ!» ብለው ሰርጉን አፈረሱት። ልጅቷ ፊቷን በነጠላዋ ጋርዳ ሳቀች።

አዲስ አበባ ስለ ስራዬ ሳወራ ሰው ያዛጋል፤ እዚህ ሰርግ ፈረሰ! የእናትህን ጉልበት ሳምልኝ። የምጽፍበት ፖስት ካርድ ሞላብኝ፤ ካድሬውም ዱላውን ይዞ ዳገቱን እየወጣ ነው። የሱ ፍጥነት ያለ መሣሪያ ይታያል።

ጫማውን እያሰረ ያለው ባስልዮስ