ለአባታችን የተዘጋው ባሕር

ለምወድህ፣ አሁን ግን ክፉኛ ለተቀየምኩህ ታናሽ ወንድሜ ለኢሲኬሊ፤

ጤናህን እንዴት ነህ? ሥራው፣ ቤቱ፣ የናንዲ ከተማ ሙቀት የሚቀሰቅስብህ ራስ ምታት እንዴት አደረጉህ? ልታገባት ያሰብካት ልጅስ ደኅና ናት? እኛ በእግዚአብሔር ቸርነት በሕይወት አለን። እማማ ነፋስ ሲነሳ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ወዲያ ወዲህ ትላለች። ጎደሬው ደርሷል። የወጥ ቤቱን ክዳን ነፋስ ገልቦት ነበር፤ ባለቤቴ ሴሩ መልሶ አሰረው። የደኅና ወሬ ይኸው አለቀ። የቀረውን ሆድ ይፍጀው ብዬ ልተወው ነበር፤ ሆዴ ግን እምቢ አለኝ።

አባባን ስንቀብር አንተ አልነበርክም። መርከብ አጣሁ አልክ፣ አመንንህ። ከቀብር እንደተመለስን አጎት ፊሊሞኔ ከቤታችን ፊት ለፊት ባለው የኮራል ዐለት ጠርዝ ላይ እንጨት ተክሎ የኮኮናት ቅጠል አሰረበትና ባሕሩ ለአባባ ተዘጋ። መቶ ሌሊት ሙሉ መንጠቆ የጣለ፣ ጦር ይዞ የጠለቀ ሰው የለም። ሕፃናቱ እንኳ ዛጎል አልለቀሙም። እማማ የባሕር ነገር እያማራት ካሳቫ በጨው በላች። ማንም አላጉረመረመም፤ እንጨቱ የሚነቀልበት ቀን ይታወቃልና። ዕድሜውን ሙሉ ሲጠልቅበት ከኖረው ባሕር ካልሆነ የአባባ የተዝካር ዓሣ ከየት ሊመጣ ኖሯል? ደግሞም ባሕሩ ሞላልን። ውኃው ሲጎድል የበቀቀን ዓሣው ጀርባ በመንጋ ከላይ ይታይ ነበር። ወንዶቹ ዓሣ የሚነዱበትን ረጅም ሐረግ መግመድ ጀመሩ።

በዚያ ሰሞን የጭነት ጀልባዋ መጣችና አንተ ለአባባ ተዝካር የላክኸውን የጣሳ ዓሣ በካርቶን በካርቶን አራገፈች። ምን ያህል እንደመረቅንህ አልነግርህም። አክስት ቪካ ደግሞ ‘ልጁ ሩቅ ቢሆንም አንጀቱ እዚህ ነው’ ብላ አለቀሰች። ዓሣ በሞላበት አገር ጣሳ ለምን ላከ ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም።

ተዝካሩ ሳምንት ሲቀረው የዚያ የባሕር ጥበቃ መሥሪያ ቤትህ ነጭ መርከብ ደረሰ። ጠላቂዎቹ አስፈቅደው ኮራላችን ውስጥ ገቡ፤ ማየት አልተከለከለምና። ማታ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ነጭ ጨርቅ ሰቅለው ከእኛው ባሕር ያነሱትን ፎቶ አሳዩን። ወይ የአዳራሹ ሳቅ! አክስት ቪካ ‘ኧረ ይሄኛው በኮኮናት ወተት ነው የሚያምርበት!’ ስትል ሌላዋ ከኋላ ‘ጭንቅላቱን እንዳትነኪ፣ የኔ ነው!’ ትላታለች። አለቃቸው የሆነችው ሴትዮ ያደነቅናት መስሏት አብራን ሳቀች።

በማግሥቱ እኛ በለቅሶው ሰሌን ላይ እንደተቀመጥን ሴትዮዋ አንድ የአገራችንን ሰው አስከትላ ገባች። ሰውየው የዓሣ ነባሪ ጥርስ በሁለት እጁ ይዞ ተንበረከከና ስለ አባባ መናገር ጀመረ፤ ደግነቱን፣ ጠላቂነቱን፣ ሁሉን። ማን እንደነገረው አንተ ታውቃለህ። አጎት ፊሊሞኔ እንባው ወረደ። ለለቅሶ የመጣ ጥርስ መስሎት፣ እንደሌሎቹ ሁሉ፣ ቃሉ ሳያልቅ እጁን ዘርግቶ ተቀበለው። ያን ጊዜ ሰውየው ቀጠለና ‘ይህ ጥርስ ልመና ነው፤ እንጨቱ አይነቀል፣ ባሕሩ እንደተዘጋ ለዘላለም ይቆይ’ አለ። ጥርሱ ግን አጎት እጅ ገብቷል። በወጋችን ጥርሱን የተቀበለ ልመናውንም ተቀብሏል፤ አይመለስም።

እማማ ጥርሱን አየችው። ማንጠልጠያ ገመዱን የገመደው አባባ ነው። ሽማግሌ ስትልክ ለልጅቷ ቤተሰቦች የምትሰጠው ብሎ በእጁ የሰጠህ ጥርስ ነው። እሷም በቀስታ ‘ይሄ የልጄ ነው’ አለች።

ተዝካሩን በጣሳህ ደገስነው። ከባሕር ማዶ ያሉት፣ በወጋችን እየተሳደብን የምንዋደዳቸው ዘመዶቻችን በሦስት ጀልባ መጡ። ያ ቦርጫሙ ማናሳ ጣሳውን አንስቶ ‘የናሉቱ ሰዎች፣ ዘመን ቀደማችሁ! ዓሣችሁ ከነቆርቆሮው መዋኘት ጀመረ እንዴ?’ አለ። በሌላ ጊዜ ቢሆን ቦርጩን አንስቼ አፉን አስይዘው ነበር። ሰው ሁሉ ሳቀ። አጎት ፊሊሞኔ ሊስቅ ሞከረና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እኛ ጣሳ ስንከፍት የመርከብህ ሰዎች በአባባ ኮራል ላይ ጠልቀው ነበር፤ የሚተነፍሱት አረፋ ቡልቅ ቡልቅ ሲል ከተቀመጥንበት ይታየን ነበር። እማማ ሳህኗን እንደያዘች ያንን ታይ ነበር፤ አንድ ጉርሻ አልቀመሰችም።

ዓሣው እንዳያልቅ ነው ትለኝ ይሆናል። እኔም እንዲያልቅ አልፈልግም። ባሕር መዝጋትን ግን ከእኛ ተምረህ ሄድክ እንጂ ከእነሱ አላመጣኸውም። እኛ የምንዘጋው ልንከፍተው ነው፤ ተርበን የጠበቅነውን አብረን ልንበላው። ሰው ወጋችንን ባያውቅ አይፈረድበትም። አንተ ግን በለቅሶ ሰሌን ላይ ጥርስ የሚመልስ እጅ እንደሌለ ታውቃለህ፤ አውቀህም አስተማርካቸው። ጣሳውን አስቀድመህ መላክህ ደግሞ አንጀቴን አሳረረው።

አሁን አጎት ፊሊሞኔ ቃሉን ቢያጥፍ መንደሩ በሙሉ ያፍራል። በጥርስ የታሰረ በጥርስ ነው የሚፈታው፣ ያውም በሰጪው እጅ። ሰጪው አንተ ነህ። ካፈርኩ አይመልሰኝ አትበልና በሚቀጥለው ጀልባ ና፤ ሌላ ጥርስ ፈልገህ፣ በሰሌኑ ላይ ተንበርክከህ ልመናውን አንሳ። ሥራህን ታጣ ይሆናል፤ አውቃለሁ። እኛም ያጣነውን አንተ እወቅ።

ሴሩ ሰላም ብሎሃል፤ ከዚህ በላይ እንዳይናገር እኔው ነኝ የከለከልኩት። አክስት ቪካ ሰላምታዋን የምትልከው ስትመጣ ብቻ ነው ብላለች። ልጄ ሜሬያኒ የመጥለቂያ መነጽር ላክልኝ ትልሃለች፤ የት ልትጠልቂበት ብዬ ዝም አሰኘኋት። አጎት ፊሊሞኔ ‘አይቀየመኝ፣ ቸኩዬ ነው የተቀበልኩት’ በይልኝ አለ። ይቅርታ የሚለው እሱ ሆኖ አረፈው።

እማማን ምን ልበልልሽ አልኳት። ሰሌን ትሠራ ነበር። ቀና ሳትል ‘እኔ ስሞት ባሕሩን እንዳይዘጋልኝ ንገሪው’ አለችኝ።

እህትህ ታራይቪኒ
ናሉቱ መንደር፣ ላው ደሴቶች
እ.ኤ.አ. ጁላይ 14 ቀን 2019