የሄለን የናስ አምባር

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

ዛሬ ከክፍሌ ልጆች ጋር ከዙሪክ ጄኔቫ ሄደን ሙዚየም ጎበኘን። በመስታወት ሣጥን ውስጥ ልክ የእህቴን የሄለንን የሚመስል አምባር አየሁ፤ ወፍራም ናስ፣ ጫፎቹ ያልተገጣጠሙ። ሄለን የገዛችው እዚህ ዙሪክ፣ ላንግሽትራሰ የሚባል ጎዳና ላይ ካለ የአንድ ጋናዊ ሱቅ ነበር። ባለሱቁ የድሮ ገንዘብ ነው ስላላት፣ "ሀብቴን እጄ ላይ ይዤ ነው የምዞረው፤ አክብረኝ እንጂ!" እያለች ታሾፍብኝ ነበር።

መምህራችን ከአምባሩ ሥር ያለውን ጽሑፍ አነበበችልን። የአውሮፓ ነጋዴዎች ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ በእነዚህ አምባሮች ሰው ይገዙ ነበር። ከአጠገቤ የቆመው ሉካ "ለአንድ ሰው ስንት?" ብሎ ጠየቀ። መልሱን ላለመስማት ወጣሁ።

ሄለንን በሐምሌ ስንቀብራት እማዬ "የወርቅ አምባሯን እናድርግላት" ብላ ነበር። "አይሆንም፣ የምትወደው ይሄን ነው" ብዬ ናሱን እጇ ላይ ያጠለቅኩት እኔ ነኝ። ሳጥኑ እንደዚያው ተዘጋ።

እራት ላይ እማዬ ስለ ጉዞው ጠየቀችኝ። "ጥሩ ነበር" አልኳት። "ያን አምባር ስላደረግክላት ደግ አደረግክ፣ የኔ ልጅ። እሱን ሳስብ ቀለል ይለኛል" አለችኝ።

እሁድ ከጸሎት በኋላ መቃብሯ ጋ እንሄዳለን። እዚያም እማዬ የአምባሩን ነገር ደግማ ብታነሳው፣ ዝም ማለት መቻሌን እንጃ።