ጩጬ ያዘዘው አበባ

ውድ እታለም፣

ጽሑፌ ካስቸገረሽ ከደስታ ብዛት እየተጣደፍኩ ስለምጽፍ ነው። ቅዳሜ የአበባ ሱቃችንን ለጎረቤታችን ለመድኃኒት ቤቱ ለመሸጥ ልትፈርሚ ነው። "በየቀኑ የምንጥለው አበባ አንጀቴን አቃጠለው" ስትዪ እንደ ልማዴ ዝም አልኩሽ። ዛሬ ግን ዝም አልልም!

አበባ ከምንጠቀልልባቸው አሮጌ ወረቀቶች መሃል የኮምፒውተር ትምህርት ገጾች አገኘሁና ቁርጥራጮቹን እየለቀምኩ አነበብኩ። ኮምፒውተር ራሱ እየሞከረ መወሰን ይማራል፤ ደህና ሲወስን ነጥብ ይሰጡታል፣ ሲሳሳት ይቀንሱበታል። በአክሲዮን ገበያ መቼ እንደሚገዙ፣ መቼ እንደሚሸጡ ለመወሰን ይጠቀሙበታል አሉ። እኔ ደግሞ የሱቃችንን ኮምፒውተር "ነገ ስንት አበባ ይምጣ?" የሚለውን ላስተምረው ተነሣሁ። ስሙን ጩጬ አልኩት። በአምናው ሽያጭ አለማመድኩት፤ አበባ በጠወለገ ቁጥር ነጥብ ቀነስኩበት።

ከዚያ እውነተኛውን ትእዛዝ ለቀቅኩለት። አበባ አምጪው ሹፌር ደወለ።

"እትዬ፣ ዛሬ ምንም አይምጣ? ሱቁን ዘጋችሁት እንዴ?"

"ኧረ ጩጬ ነው ያዘዘው!"

"ታዲያ ጩጬን አስተኚውና አንቺ እዘዢኛ!"

ጉደኛ! ካልገዛን አይጠወልግብንም ብሎ ተምሮልኛል። በባዶ ባልዲዎች መሃል ስስቅ አንዲት ሴት ገባች፤ እናቷ ከሆስፒታል ልትወጣላት ነው። ባልዲዎቹን አየች፣ እኔን አየች፣ ወጣች። ሳቄ እዚያው ቀረ። አንቺ "የጠወለገው ይቆጨኛል፤ ባዶ እጁን የሄደው ግን ያሳፍረኛል" ትዪ ነበር። ለጩጬ ያልነገርኩት ለካ ይህንን ነው! ደግነቱ አምና አጥተው የተመለሱትንም ጽፈሽ አስቀምጠሻል። ደንበኛ ባዶ እጁን ሲሄድ ከጠወለገው አበባ የበለጠ ነጥብ እንዲቀነስበት አድርጌ እንደ አዲስ አለማመድኩት።

እታለም፣ ይህን ሳምንት ባየሽ! ሰኞ ጥቂት አዘዘ። ትናንት ግን፣ አምና በዚያው ቀን ብዙ ሰው አጥቶ እንደተመለሰ ከጽሑፍሽ ስለተማረ፣ ሹፌሩ "አሁንስ አበዛሽው፣ የት ልታደርጊው ነው?" እስኪለኝ ድረስ አስጫነው። ባዶ እጁን የወጣ ሰው አልነበረም፤ ሲመሽ ባልዲዎቹን ዘቅዝቄ አጠብኩ።

የቀረው አንድ እቅፍ ቢጫ አበባ ብቻ ነው። እዚህ ከጠወለገ ጩጬ ሊቀጣብኝ ነው፤ ስለዚህ በትምህርቱ ወረቀት ጠቅልዬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በሹፌሩ ልኬልሻለሁ። ማጭበርበር ነው ካልሽም ይሁን። ውሃ ውስጥ አድርጊው። ቅዳሜ ጠዋት ሳይጠወልግ ካገኘሽው እስክሪብቶውን ትተሽ ወደ ሱቁ ነይ፤ የሚቀጥለውን ትእዛዝ ሦስታችን አብረን እንወስናለን።

ዛሬ ለፍላፊ የሆነችው
ታናሽ እህትሽ